ወንድና ሴቱ የተራራቁበት ተክል
(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ ከቀረበ ንግግር)





በየከተማው በሆቴልና በመሥሪያ ቤት ደጃፍ አንድ አጭር ዘንባባ መሳይ ተክል ይታያል። ግንዱ ወፍራምና ቅርፊታም ነው፤ ቅጠሉ ደረቅ ሆኖ ጫፉ እንደ መርፌ ይዋጋል። ችግኝ ሻጮች ሳይካስ ይሉታል። ዘንባባ ይመስላል እንጂ ዘንባባ አይደለም፤ በዝምድና የሚቀርበው ለጥድና ለዝግባ ነው። አበባ የለውም። የዚህ ተክል ዘመዶች በአብዛኛው ዘራቸውን የሚይዙት ኮን በሚባል፣ ቅርፊት በቅርፊት ላይ እየተደራረበ እንደ በቆሎ ራስ በሚወጣ አካላቸው ላይ ነው። ይህ በየደጃፉ የሚታየው ዝርያ ከደቡብ ጃፓን የመጣና በዓለም ዙሪያ በችግኝ ጣቢያ በብዛት የሚባዛ ስለሆነ ብዙ የሚያሰጋው ነገር የለም። የዚህ ንግግር ጉዳይ በደቡብ አፍሪካ፣ በምሥራቅ ኬፕ ክፍለ ሀገር የሚገኘው ዘመዱ ነው። በሳይንስ ስሙ ኢንሴፋላርቶስ ላቲፍሮንስ፣ በተለምዶ ደግሞ የአልባኒ ሳይካድ ይባላል። በዱር የቀሩት ተክሎች ከ100 ያንሳሉ።

ሩቅ አገር ያለ ተክል ለዚህ ጉባኤ ምኑ ነው የሚል ቢኖር አይፈረድበትም። ነገር ግን ከቀሩት ተክሎች በርካቶቹ የቆሙት በገበሬዎች የግል ይዞታ ላይ ነው። ችግሩም ቢሆን ዘር ለሚያመርትና ችግኝ ለሚያፈላ ሰው እንግዳ አይደለም። ተክሉ በአብዛኛው አልደረቀም፤ ግንዱ ቆሟል፣ ቅጠሉ አረንጓዴ ነው፣ ኮንም ያወጣል። የጎደለው ዘር ነው።

ስለ ስሙ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ኢንሴፋላርቶስ የሚለው የወገን ስም ከግሪክ ቋንቋ የተወሰደ ሲሆን «በራስ ውስጥ ያለ ዳቦ» እንደማለት ነው። ስሙን እ.ኤ.አ. በ1834 ያወጣው ሌማን የተባለ ጀርመናዊ የዕፅዋት ሊቅ ነው። የአካባቢው ነጭ ገበሬዎችም በቋንቋቸው የዳቦ ዛፍ ይሉታል። በ1770ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አገሩን የጎበኘው ስዊድናዊው ካርል ፒተር ተንበርግ እንደጻፈው፣ የኮይ ሕዝቦች የግንዱን ልብ አውጥተው በቆዳ ይጠቀልሉና ለሁለት ወር ያህል አፈር ውስጥ ይቀብሩታል፤ ከተብላላ በኋላ አቡክተው ይጋግሩታል። ቆጮ ለሚያውቅ ሰው ይህ እንግዳ ሙያ አይደለም። ልዩነቱ የሳይካድ ግንድና ፍሬ መርዝ ያለው መሆኑ ነው፤ መቅበሩና ማብላላቱም መርዙ እንዲወጣ ነበር። ይህን ጥበብ የማያውቅ ይጎዳል። እ.ኤ.አ. በ1901 በቦር ጦርነት ጊዜ በጄኔራል ጃን ስመትስ የሚመራ ጦር በዙርበርግ ተራሮች ስንቅ አልቆበት የሳይካድ ፍሬ በልቶ ክፉኛ ታመመ። ከታመሙት አንዱ በኋላ የደቡብ አፍሪካ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑት ስመትስ ራሳቸው ነበሩ።

የሳይካድ ወገን ከ250 ሚሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ እንዳለው ቅሪተ አካሎች ያሳያሉ። ዛሬ በዓለም ላይ ከ350 በላይ ዝርያዎች ይታወቃሉ፤ ከእነዚህም ሁለት ሦስተኛው ያህል የመጥፋት ሥጋት የተደቀነበት ነው። ከዕፅዋት ወገኖች መካከል ይህን ያህል የተጎዳ ማግኘት ያዳግታል።

ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ ቢባል፣ ፓፓያ ያለማ ገበሬ ነገሩን ቶሎ ይረዳዋል። ወንድ ፓፓያ አበባ ያንዠረግጋል እንጂ ፍሬ አይሰጥም። ጥድም፣ ዝግባም፣ ኮሶም ወንዱና ሴቷ ለየብቻ የሚቆሙ ዛፎች ናቸው። ሳይካድም እንዲሁ ነው፤ አንዱ ግንድ ወንድ፣ ሌላው ግንድ ሴት ሆኖ ይበቅላል። ከዚህም የሚከፋው ኮን እስኪያወጣ ድረስ ወንድ ይሁን ሴት በዓይን አይቶ መለየት የማይቻል መሆኑ ነው። ለዚያ ደግሞ ከአሥር ዓመት በላይ መጠበቅ ሊያስፈልግ ይችላል። የአልባኒ ሳይካድ ኮን የሚያወጣው በየዓመቱ አይደለም፤ አንዱ ዘንድሮ ቢያወጣ ጎረቤቱ ከዓመታት በኋላ ሊያወጣ ይችላል።

የወንዱን ብናኝ ወደ ሴቷ የሚያደርሰው ነፋስ ነው ተብሎ ለረጅም ጊዜ ይታመን ነበር። በኋላ በተደረጉ ምርምሮች ግን ሥራው በአብዛኛው የነፍሳት፣ በተለይም የነቀዝ ሆኖ ተገኘ። ይህ ነቀዝ በጎተራ ውስጥ ከሚታወቀው ጠላት ጋር ዝምድና ያለው ነው፤ በሳይካድ ዘንድ ግን ሥራው የአዋላጅነት ነው። የወንዱ ኮን ሲደርስ ከራሱ ሙቀት ያመነጫል፤ ከአካባቢው አየር ይበልጥ ይሞቃል፤ ጠንካራ ሽታም ያወጣል። ሽታው ነቀዞችን ይጠራል። ነቀዟ በወንዱ ኮን ውስጥ ትመገባለች፣ እንቁላሏንም እዚያው ትጥላለች። ከዚያ ብናኙን በገላዋ እንደተሸከመች የሴቷን ኮን ፈልጋ በቅርፊቶቹ መካከል ትገባለች። እህል በጎተራ ከሌለ ነቀዝ እንደማይኖር ሁሉ፣ በአካባቢው በቂ የወንድ ኮን ከሌለም የሳይካድ ነቀዝ አይኖርም።

እንግዲህ የጉዳቱ ቅደም ተከተል እንዲህ ይሆናል። መጀመሪያ ከአንድ ኮረብታ ላይ ጥቂት ተክሎች ይነሣሉ። የቀሩት እርስ በርሳቸው ይራራቃሉ። የወንድ ኮን በየጊዜው ስለማይገኝ ነቀዙ ይጠፋል። ነቀዙ ከጠፋ በኋላ፣ በአጋጣሚ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ጎን ለጎን ቆመው በአንድ ዓመት ኮን ቢያወጡ እንኳ ብናኙን የሚያደርስ የለም። የአልባኒ ሳይካድ የደረሰበት ደረጃ ይህ ነው። ተክሎቹ ተራርቀዋል፤ ነቀዞቹም ከአካባቢው ጠፍተዋል ተብሎ ይታመናል፤ በዱር በራሱ ጊዜ የሚበቅል ቡቃያ የለም። ሳይካድ ረጅም ዕድሜ ያለው ተክል ስለሆነ ይህ ሁሉ ለመንገደኛ አይታየውም። የበቆሎ ማሳ ዘር ካላገኘ በዓመቱ ይታወቃል፤ የሳይካድ ኮረብታ ግን ዘር ሳያፈራ የሰው ዕድሜ ሙሉ አረንጓዴ ሆኖ ሊቆይ ይችላል።

ነገሩ ወዴት እንደሚያደርስ የሚያሳይ ሌላ ዘመድ እዚያው ደቡብ አፍሪካ ውስጥ አለ። እ.ኤ.አ. በ1895 የደርባን የዕፅዋት አትክልት ሥፍራ ኃላፊ የነበሩት ጆን ሜድሊ ዉድ በዙሉላንድ፣ ኦንጎዬ በሚባል ደን ዳገት ላይ ከአንድ ሥር የወጡ የሚመስሉ አራት ግንዶች ያሉት ሳይካድ አገኙ። ተክሉ ወንድ ነበር። ዝርያው በኋላ በስማቸው ኢንሴፋላርቶስ ዉዲ ተባለ። እ.ኤ.አ. በ1903 ከሥሩ የወጡ ቡቃያዎች፣ በ1907 ደግሞ ሁለት ትልልቅ ግንዶች ተነሥተው ወደ ደርባን ተወሰዱ፤ እነዚያ ሁለቱ እስካሁን እዚያው አሉ። እ.ኤ.አ. በ1916 በደኑ ውስጥ የቀረው አንድ ግንድ ጉዳት እንዳይደርስበት ተብሎ ተነቅሎ ወደ ፕሪቶሪያ ተላከ፤ በ1964 ደረቀ። ከዚያ ወዲህ በዱር አንድም አልታየም። ዛሬ በዓለም ዙሪያ በዕፅዋት ማዕከላት ያለው ዉዲ ሁሉ ከዚያው ከአንዱ ወንድ የተገነጠለ ነው። ለንደን በሚገኘው በኪው የአትክልት ሥፍራ ያለው እ.ኤ.አ. በ1899 ተልኮ በ2004 ለመጀመሪያ ጊዜ ኮን አወጣ፤ ከመቶ ዓመት በኋላ ማለት ነው፤ የምታገኘው ሴት ግን የለችም። የናታል ሳይካድ ከሚባለው የቅርብ ዘመዱ ሴቶች ጋር በማዳቀል የሚመስለውን ማግኘት ተችሏል፤ ይህ ግን ዲቃላ እንጂ ዉዲ አይደለም። ከ2022 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሳውዝሃምፕተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሰው አልባ በራሪ መሣሪያ ልከው የኦንጎዬን ደን ከላይ ፎቶ እያነሡ ሴት ሲፈልጉ ቆይተዋል። በ2024 እንደተገለጸው የታየው የደኑ ክፍል ከመቶ ሁለት እጅ አይሞላም ነበር፤ ሴትም አልተገኘችም።

የአልባኒ ሳይካድ ከዉዲ የሚለየው ወንድም ሴትም ያለው በመሆኑ ነው። ተስፋውም ሥጋቱም ከዚህ ይነሣል።

ተክሉን ማን አመናመነው? መሬት ለእርሻ መመንጠሩ ድርሻ አለው፤ ባተርስት የሚባለው አካባቢ በአናናስ እርሻ የታወቀ ነው። ዋናው ጥፋት ግን የመጣው ከአካፋና ከጭነት መኪና ነው። ሳይካድ ለግቢ ማስጌጫ ተፈላጊ ነው፤ የበለጠ ብርቅ የሆነው ደግሞ የበለጠ ዋጋ ያወጣል። ብርቅነቱ ዋጋውን ያንረዋል፣ ዋጋው ብርቅነቱን ያብሰዋል። በችግኝ ጣቢያ በብዛት ማባዛት ይህን ያስቀራል የሚሉ አሉ። ሐሳቡ መልካም ነው፤ በአንድ ነገር ብቻ ይደናቀፋል። ሳይካድ እጅግ በዝግታ የሚያድግ ስለሆነ፣ ሰው ቁመት የደረሰ ግንድ በደጁ ማቆም የሚፈልግ ባለጸጋ ችግኝ ተክሎ ሃምሳ ዓመት አይጠብቅም። የሚገዛው ተክሉን ሳይሆን ዕድሜውን ነው፤ ዕድሜ ደግሞ ከዱር እንጂ ከችግኝ ጣቢያ አይገኝም።

የተጠበቀ ግቢም ቢሆን አላዳነውም። እ.ኤ.አ. በነሐሴ ወር 2014 በኬፕታውን ከሚገኘው ከኪርስተንቦሽ ብሔራዊ የዕፅዋት አትክልት ሥፍራ 24 ሳይካዶች ተሰረቁ፤ ከእነዚህ 22ቱ የአልባኒ ሳይካድ ነበሩ። በዱር ያለው ከመቶ ለማይሞላ ዝርያ 22 ማለት ምን ማለት እንደሆነ ማንም መገመት ይችላል። በተክሎች ግንድ ውስጥ ጥቃቅን መለያ ቺፕ መቅበር ተሞክሯል፤ ሌቦች ፈልገው እያወጡ መጣል ጀመሩ። የኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ደግሞ ተክሉ የበቀለበትን አፈርና ውኃ አሻራ ከቅጠሉ በላቦራቶሪ መርምሮ ከዱር የመጣውን ከችግኝ ጣቢያው መለየት እንደሚቻል አሳይተዋል። ይህ በፍርድ ቤት ጥሩ ማስረጃ ይሆናል፤ የሚጠቅመው ግን ሌባው ከተያዘ በኋላ ነው።

ሕጉ የላላ አይደለም። የኢንሴፋላርቶስ ወገን በሙሉ፣ ለመጥፋት የተቃረቡ ዝርያዎችን ዓለም አቀፍ ንግድ በሚቆጣጠረው ሳይተስ በተባለው ስምምነት በአንደኛው ሰንጠረዥ ውስጥ ነው፤ ከዱር የተነሣ ተክል ከአገር አገር ለንግድ ሊሻገር አይችልም። ኢትዮጵያም ከ1989 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የዚሁ ስምምነት አባል ናት። ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ2004 የብዝሃ ሕይወት ሕግ አውጥታለች፤ በ2012 ደግሞ ከዱር የተነሣ ሳይካድ በአገር ውስጥም እንዳይሸጥ እንዳይለወጥ ከልክላለች። ይሁን እንጂ በየድንጋያማው ኮረብታ ዘበኛ ማቆም አይቻልም። በሌሊት በማሳው ጠርዝ የማይታወቅ መኪና መቆሙን የሚያውቀው ባለመሬቱ ነው።

ከዚህ አንጻር እ.ኤ.አ. በሰኔ ወር 2011 የደቡብ አፍሪካ መንግሥት በጋዜጣ ያወጣው የአልባኒ ሳይካድ አያያዝ ዕቅድ ትኩረት የሚሰጠው ነው። ተክሉ በግል መሬት ላይ የሚገኝ በመሆኑ ባለመሬቱ ከመንግሥት ባለሙያ ጋር እንዲሠራ ማድረግ የዕቅዱ መሠረት ነው። ለዓመታት የነበረው አሠራር ባለሙያው ተክሉ የት እንዳለ ሌባ እንዳይሰማ ብሎ ምሥጢር እንዲይዝ፣ ባለመሬቱም መንግሥት ማሳዬን ይከለክለኛል ብሎ ዝም እንዲል የሚገፋፋ ነበር። የተክሉን ቦታ ምሥጢር ማድረግ አሁንም ግድ ነው፤ ባለመሬቱን ከምሥጢሩ ውጪ ማድረግ ግን ጠባቂውን ማባረር ነው።

ሌላም የሚያሰጋ ነገር አለ፤ እስካሁን የተነሡት ሁሉ በዝግታ የሚሠሩ ሲሆኑ ይህኛው ፈጣን ነው። በሰላማዊ ውቅያኖስ ላይ ጉዋም በምትባል ደሴት አንድ የሳይካድ ዝርያ እ.ኤ.አ. በ2002 በተደረገ ቆጠራ በደሴቲቱ ደን ውስጥ በብዛት አንደኛ ዛፍ ሆኖ ተመዝግቦ ነበር። በዓመቱ፣ በ2003፣ በቅጠልና በግንድ ላይ እንደ ነጭ ቅርፊት ተለጥፎ ጭማቂ የሚመጥ የእስያ ተባይ ደሴቲቱ ላይ ታየ። ከጌጥ ተክሎች ጋር ተጉዞ እንደገባ ይታመናል። እ.ኤ.አ. በ2006 ያ በብዛት አንደኛ የነበረ ዛፍ ለመጥፋት ከተቃረቡት መዝገብ ገባ። በደቡባዊ ትግራይ ለቀለም ምርት ታስቦ የገባው የበለስ ተባይ ከታሰበለት ቦታ ወጥቶ የገበሬውን በለስ ምን እንዳደረገው ለሚያስታውስ ሰው የጉዋም ታሪክ ማብራሪያ አያሻውም። ከመቶ በታች ለቀረ ዝርያ እንዲህ ያለ ተባይ አንድ ክረምት ይበቃዋል። ችግኝ ሳይመረመር ከቦታ ቦታ መዘዋወሩ፣ ብርቅ ተክል ሰብሳቢዎች እንደ ዋዛ የሚያዩት ይህ ልማድ፣ ከአካፋው የማይተናነስ አደጋ ነው።

በጎው ነገር ሰው የነቀዙን ሥራ መሥራት መቻሉ ነው። በአፋር ተምር የሚያለሙ ገበሬዎች የወንዱን አበባ ወስደው ሴቷ ላይ እንደሚያስሩ፣ ለሳይካድም በእጅ ማዳቀል ይቻላል። የወንዱ ኮን ብናኙን ማራገፍ ሲጀምር ተሰብስቦ ይደርቃል፤ ከዚያም በማቀዝቀዣ ይቀመጣል። ሴቷ በሌላ ጊዜ ወይም በሌላ ኮረብታ ኮን ብታወጣ ብናኙ ይጠብቃታል ማለት ነው። የሴቷ ኮን ቅርፊቶች በትንሹ የሚላቀቁባቸው ጥቂት ቀናት አሉ፤ እነዚያ ቀናት ካለፉ ሥራው ሁሉ ከንቱ ነው። ቀኑን ጠብቆ ብናኙ በደረቁ በክፍተቶቹ ይነፋል፣ ወይም በውኃ ተበጥብጦ ይገባል። ኪርስተንቦሽ በዚህ መንገድ ከአልባኒ ሳይካድ ዘር አግኝቶ ችግኝ አፍልቷል። ቀኑን ለመያዝ በየሳምንቱ ኮኑን የሚያይ ሰው ያስፈልጋል፤ በዱር ላለው ተክል ይህን የሚያደርግ ከመሬቱ ባለቤት ሌላ ማን ይኖራል?

ዘሩን ሰብስቦ በዘር ባንክ ማስቀመጥ አይሻልም ወይ የሚል ጥያቄ ይነሣል። የሳይካድ ዘር እንደ ጤፍና እንደ ስንዴ ደርቆ በቅዝቃዜ ለብዙ ዓመታት አይቆይም፤ ከደረቀ ይሞታል። የቡና ዘርም እንዲሁ ለረጅም ጊዜ ማከማቸት የማይመች ነው። አዲስ አበባ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1976 የተቋቋመው የጀነቲክ ሀብት ማዕከል የእህል ዘር በቀዝቃዛ ክፍል ሲያኖር፣ ለቡና ግን በጅማ ዞን በጎማ ወረዳ ጮጬ ላይ ዛፉ በቁሙ የሚጠበቅበት ማሳ ማዘጋጀት ያስፈለገው በዚህ ምክንያት ነው። ሳይካድን ማቆየት የሚቻለውም መሬት ላይ ተተክሎ፣ በቁሙ ብቻ ነው።

በማኅበራት ችግኝ ጣቢያ የጥድና የዝግባ ዘር የሚሰበስቡ አባላት ከዚህ አንድ ነገር ቢወስዱ ይበጃል። በማሳ መካከል ለብቻዋ የቀረች ሴት ጥድ ፍሬዋ ቢያምርም ወንዱ ከራቃት ዘሯ ባዶ ሊሆን ይችላል፤ ጥቂት ፍሬ ሰንጥቆ ውስጡን ማየት ድካም አይደለም። ዘር ከአንዲት ምቹ ዛፍ ሥር ብቻ ከማፈስ ከበርካታ እናት ዛፎች፣ ወንዶቹም በአቅራቢያ ከሚገኙበት፣ ለምሳሌ ከቤተ ክርስቲያን ደን፣ መልቀም የተሻለ ነው። ማገዶ ሲቆረጥም ፍሬ አይሰጥም ተብሎ መጀመሪያ የሚወድቀው ወንዱ ዛፍ መሆኑ መታሰብ ይኖርበታል።

በምሥራቅ ኬፕ ዕቅዱ የሚያስበው፣ በእጅ ከተዳቀለ ዘር የበቀሉ ችግኞች ነባሮቹ ወዳሉባቸው ኮረብታዎች እንዲመለሱና ወንድና ሴቱ እንደገና እንዲቀራረቡ ነው። ከችግኞቹ የትኞቹ ወንድ፣ የትኞቹ ሴት እንደሆኑ የሚታወቀው ኮን ሲያወጡ ነው።